የቁርኣን ኢዕጃዝና የምዕራባውያን ትችት፦ ሊቃውንት በነዝም ጥናት የሰጡት ምላሽ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

የሙስሊም ሊቃውንት ቁርኣን የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘላቂ ተአምር መሆኑን የሚያስረዱበት ቃል «ኢዕጃዝ» ነው። ቃሉ አቅም ማሳጣት፣ መሰሉን ከማምጣት እንዲያንሱ ማድረግ ማለት ነው። ከአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ወዲህ የአውሮፓ የምሥራቅ ጥናት ሊቃውንት፣ ማለትም ሙስተሽሪቆች፣ በዚህ መሠረተ ሐሳብ ላይ ልዩ ልዩ ትችት ሰንዝረዋል። ትችቱ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ መጻሕፍት ታጥሮ አልቀረም። በልዩ ልዩ ቋንቋ እየተመለሰ ከደረሶቻችንና ከመስጊድ ወጣቶች ጆሮ ደርሷል። ጠያቂው ወጣት ከኢማሙ ወይም ከመምህሩ የሚያገኘው መልስ ቁጣ ብቻ ከሆነ ጥያቄው አይጠፋም፤ ይደበቃል እንጂ። መልሱ ደካማ ማስረጃ ከሆነ ደግሞ ማስረጃው በወደቀ ቀን እምነቱም አብሮ የሚወድቅ ይመስለዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሊቃውንት ለትችቱ ከሰጡት ምላሽ ውስጥ ጸንቶ የቆየው የትኛው እንደ ሆነ ማሳየት ነው። ጠንካራዎቹ ምላሾች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፦ ተቺው «አየሁ» ያለውን ነገር አይክዱም፤ ከዚያ ተነሥቶ የደረሰበትን መደምደሚያ ግን በራሱ በአያው ንባብ ያፈርሳሉ። ይህ የንባብ መንገድ በዑለማእ ዘንድ «ነዝም» ይባላል፤ የቃላትን አሰካክና የሐሳብን አያያዝ መመርመር ማለት ነው። የዘመን ቁጥሮች «ዓ.ሂ.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. የተሐዲው ይዘትና የቀደምት ሊቃውንት መሠረት

የኢዕጃዝ ትምህርት ሰዎች ከጊዜ በኋላ ለቁርኣን የጨመሩለት ማዕረግ አይደለም። ቁርኣን ራሱ ያቀረበው ተሐዲ፣ ማለትም «እስቲ አምጡ» የሚል ግጥሚያ፣ መነሻው ነው። በአል-ጡር (52፡34) መሰል ንግግር፣ በሁድ (11፡13) ዐሥር ሱራዎች፣ በዩኑስ (10፡38) አንድ ሱራ እንዲያመጡ ተጠይቀዋል። በአል-ኢስራእ (17፡88) ሰዎችና ጂኖች ቢተባበሩም እንደማይሆንላቸው ተነግሯል። በመዲና በወረደችው አል-በቀራህም (2፡23-24) ግጥሚያው ተደግሟል።

ሊቃውንት ዐረቦች ያቃታቸው ነገር በውል ምን እንደ ሆነ ተከራክረዋል። በሦስተኛው ምዕተ ዓመተ ሂጅራ መባቻ የነበረው የሙዕተዚላው ሊቅ አን-ነዟም «ሰርፋ» የተባለውን አስተያየት አቀረበ፤ ሰዎቹ ይችሉ ነበር፣ አላህ ግን አዙሮ ከለከላቸው የሚል ነው። አብዛኞቹ ሊቃውንት ይህን አልተቀበሉም፤ ተአምሩን ከቁርኣኑ ወደ ሰዎቹ ያዞረዋልና። አር-ሩማኒ (በ384 ዓ.ሂ./994 የሞቱት) ኢዕጃዝን በሰባት ገጽታ ዘረዘሩ። አል-ኸጧቢ (388 ዓ.ሂ./998) እያንዳንዱ ቃል ከቦታው ቢነሣና ተመሳሳይ የሚባለው ቢተካ ትርጉሙ እንደሚበላሽ ወይም ውበቱ እንደሚጠፋ አስረዱ። አል-ባቂላኒ (403 ዓ.ሂ./1013) ስለ ኢዕጃዝ ራሱን የቻለ ኪታብ ጻፉ።

ዐብዱል ቃሂር አል-ጁርጃኒ (471 ዓ.ሂ./1078) «ደላኢሉል ኢዕጃዝ» በተሰኘው ኪታባቸው ጉዳዩን ከሥሩ አጸኑት። እርሳቸው እንዳሉት ነጠላ ቃል ብቻውን ሲታይ ከሌላው ቃል አይበልጥም፤ ብልጫው ቃል ከቃል ጋር በነሕው ሕግ ሲጋጠምና በግጥሙም ሐሳብ ሲወለድ ነው። ስለዚህ «ይህ አነጋገር ያማረ ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ያማረበትን ቦታ በጣት ማሳየትና ምክንያቱን መናገር ያስፈልጋል።

አል-ጁርጃኒ ለዚህ ከሰጡት ምሳሌ አንዱ በሁድ (11፡44) የጥፋት ውኃው የቆመበትን ሁኔታ የምትነግረው አያ ናት። መጀመሪያ ምድር ተጠራች፤ ከዚያም ታዘዘች። የተጠራችበት ቃል አጭሩ «ያ» እንጂ ረዥሙ የመጥሪያ ቃል አይደለም። ውኃውም በደፈናው «ውኃ» አልተባለም፤ ወደ እርሷ ተጠግቶ የራሷ ተደረገ። ቀጥሎ ሰማይ ተጠራች፤ ለእርሷ የሚገባው ትእዛዝም ተሰጣት። ከዚያ የውኃው መጕደል በተገብሮ ግሥ ተነገረ፤ ይህም በራሱ ጊዜ ሳይሆን በኃያል ትእዛዝ የጐደለ መሆኑን ያመለክታል። መርከቧ በተራራው ላይ መቀመጧ ሲነገርም ስሟ አልተጠራም፤ ተውላጠ ስም ብቻ በቃ። አያዋ የተከፈተችበት «ተባለ» የሚለው ግሥ በመዝጊያዋም ተመለሰ። እንግዲህ ከእነዚህ ቃላት አንዱን ነጥሎ ቢይዙት በቦታው ሳለ የነበረውን ኃይል አያገኙበትም። መምህሩ የአል-ጁርጃኒን ዘዴ ለደረሳው ለማሳየት ከዚህች አያ የተሻለ መግቢያ አያጣም።

2. የትችቱ ዓይነቶችና የዘመን ቅደም ተከተላቸው

ትችት በምዕራባውያን አልተጀመረም። ኢብን ቁተይባ (276 ዓ.ሂ./889) «ተእዊሉ ሙሽኪሊል ቁርኣን» የተባለውን ኪታብ የጻፉት በቁርኣን ውስጥ የሰዋስው ስሕተትና የሐሳብ ግጭት አለ ለሚሉ የዘመናቸው ነቃፊዎች መልስ ለመስጠት ነበር። ይህን ማወቅ ለመምህሩ ትልቅ ጥቅም አለው። ዛሬ እንደ አዲስ ግኝት የሚቀርበው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ከሺህ ዓመት በፊት ተነሥቶ መልስ ያገኘ ነው።

በአውሮፓ ከተነሡት ትችቶች አራቱ ዋነኞች ናቸው። አንደኛው የአወቃቀር ትችት ነው፤ ሐሳቡ ይዘላል፣ ታሪኩ ይደጋገማል ይላል። ቶማስ ካርላይል በ1840 ባቀረበው ንግግሩ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) እውነተኝነት ቢያወድስም ቁርኣንን ማንበብ አድካሚ ሆኖ እንዳገኘው ተናግሯል። ያነበበው ግን ጆርጅ ሴል በ1734 ያሳተመውን የእንግሊዝኛ ትርጉም ነበር። ሪቻርድ ቤል ደግሞ ከ1937 እስከ 1939 ባወጣው ትርጉሙ አያዎች ከቦታቸው የተዘበራረቁ መስሎት በራሱ ግምት እንደገና ደረደራቸው።

ሁለተኛው የቋንቋ ትችት ነው። ጀርመናዊው ቴዎዶር ኖልደከ በ1910 ባሳተመው የሴማዊ ቋንቋዎች ጥናቱ የቁርኣንን ሰዋስውና ዘይቤ ተችቷል። ድንገተኛ የተውላጠ ስም ለውጥን ከጕድለቶቹ ቈጠረው። ሦስተኛው የታሪክ ትችት ሲሆን ማርጎሊዩዝ በ1925 ያቀረበው ነው። የጃሂሊያ ግጥም የሚባለው ከእስልምና በኋላ የተፈጠረ ነው አለ። አራተኛው የፍልስፍና ትችት ነው፤ ውበት የየሰዉ ጣዕም ስለሆነ ተአምርን አያስረዳም፣ የታላላቅ ገጣሚዎችም ሥራ አይደገምም ይላል።

3. የሐሳብ መዝለል ይሆን ወይስ ተዛምዶ?

በአወቃቀር ላይ ለተሰነዘረው ትችት የተሰጠው ምላሽ «ኢልሙል ሙናሰባት» ከተባለው የአያዎችና የሱራዎች ተዛምዶ ጥናት ይመነጫል። ፈኽሩዲን አር-ራዚ (606 ዓ.ሂ./1210) በሰፊው ተፍሲራቸው ተዛምዶውን በየቦታው መርምረዋል። አል-ቢቃዒ (885 ዓ.ሂ./1480) ለዚሁ ጥናት «ነዝሙድ ዱረር» የተባለውን ብዙ ቅጽ ያለው ኪታብ ሰጡ። በሀገራችን የተፍሲር ጉባኤዎች ብዙ የሚቀራው የጀላለይን ተፍሲር አንዱ ደራሲ አስ-ሱዩጢም (911 ዓ.ሂ./1505) በ«አል-ኢትቃን» ለተዛምዶ ራሱን የቻለ ክፍል መድበዋል።

ተቺዎች ሊጠቅሱት የሚችሉት ግልጽ ምሳሌ በአል-በቀራህ ይገኛል። ስለ ፍቺ፣ ስለ ዒዳ፣ ስለ ማጥባትና ስለ መህር ሕግ ሲነገር ቆይቶ ድንገት ሶላትን ስለ መጠባበቅ ሁለት አያዎች ይመጣሉ (2፡238-239)። ከዚያ ንግግሩ ባል ወደ ሞተባት ሴትና ወደ ተፈታች ሴት ይመለሳል። ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው ሁለቱ አያዎች ከሌላ ቦታ የገቡ ይመስላሉ። መዝለል መኖሩን ሊቃውንቱም አይክዱም። ጥያቄያቸው «ለምን እዚህ?» የሚል ነው።

ከሶላት አያ በፊት ያለችው አያ (2፡237) የምትዘጋው ተጋቢዎቹ በመካከላቸው ያለውን ቸርነት እንዳይረሱ በማሳሰብ ነው። ፍቺ ግን ልብ የሚሻክርበት፣ ሰው ሕግን ይዞ ቸርነትን የሚጥልበት ሰዓት ነው። አር-ራዚ እንዳመለከቱት ሶላት የልብን ትዕቢት ይሰብራል፤ ትእዛዝን ለመቀበልም ያዘጋጃል። ቀጥላ የመጣችው አያ ደግሞ ጠላት ሲያስፈራ እንኳ በእግር እየሄዱ ወይም ተቀምጠው እየጋለቡ እንዲሰግዱ ታዝዛለች። በጦር ሜዳ ያልተነሣ ግዴታ በቤት ጠብ አይነሣም። ስለዚህ ሁለቱ አያዎች የሕጉ ክር የተበጠሰባቸው ስፍራ አይደሉም፤ ሕጉን የሚፈጽመው ልብ የሚታደስባቸው ናቸው። ይህን ንባብ የፍቺ ጉዳይ ይዘው የሚመጡ ባልና ሚስት ፊት የሚቀመጥ ኢማም ከማንም ይልቅ ይረዳዋል።

በሃያኛው ምዕተ ዓመት ይህ ጥናት ከአንዲት አያ ተዛምዶ ወደ ሙሉ ሱራ አንድነት አደገ። የአዝሀሩ ሊቅ ሙሐመድ ዐብዱላህ ዲራዝ (1894-1958) በሶርቦን የተማሩና የሙስተሽሪቆችን ሥራ በቅርብ የሚያውቁ ነበሩ። «አን-ነበኡል ዐዚም» በተባለው መጽሐፋቸው አል-በቀራህን በመቅድም፣ በአራት ዓላማዎችና በመደምደሚያ ከፍለው አንድ አካል መሆኗን አሳዩ። በሕንድ ክፍለ አህጉር ሐሚዱዲን ፈራሂና ደቀ መዝሙራቸው አሚን አሕሰን ኢስላሒ እያንዳንዱ ሱራ ሁሉን የሚሸከም አንድ ዐምድ እንዳለው አስተማሩ፤ ኢስላሒም «ተደቡረ ቁርኣን» የተባለውን የኡርዱ ተፍሲር በዚህ መሠረት ጻፉ።

በምዕራቡም ዓለም አመለካከቱ ተለውጧል። አንጀሊካ ኖይቪርት በ1981 ባሳተመችው ጥናት የመካ ሱራዎች የታሰበበት አወቃቀር እንዳላቸው አሳየች። ኒል ሮቢንሰን በ1996፣ ሚሼል ኩይፐርስም በ2007 ስለ ሱረቱል ማኢዳህ ባወጣው መጽሐፍ በየራሳቸው መንገድ ወደ ተመሳሳይ ውጤት ደረሱ። ይህን ስንጠቅስ ግን ልክ ማወቅ ይገባል። እነዚህ ሊቃውንት ቁርኣን መለኮታዊ ነው አላሉም፤ «የተዘበራረቀ ነው» የሚለውን የቀደምቶቻቸውን ፍርድ ነው ያነሡት። ከተናገሩት በላይ ማስመስከር አማና ማጕደል ነው።

4. ድግግሞሽና የሚመሳሰሉ አያዎች

ስለ ድግግሞሽ የተሰጠው መልስም ከዚሁ የንባብ መንገድ የመጣ ነው። አል-ባቂላኒ እንዳሉት አንድን ታሪክ በልዩ ልዩ አነጋገር መልሶ መናገር ራሱ የተሐዲው ክፍል ነው፤ ተገጣሚው «ሐሳቡን አስቀድሞ ተናግሮት የምናገርበት ቃል አጣሁ» እንዳይል በሩን ይዘጋበታል። አል-ኸጢብ አል-ኢስካፊ (420 ዓ.ሂ./1029) «ዱረቱት ተንዚል» በተባለው ኪታባቸው፣ ከእርሳቸውም በኋላ ኢብኑዝ ዙበይር አል-ገርናጢ (708 ዓ.ሂ./1308) በ«ሚላኩት ተእዊል» የሚመሳሰሉ አያዎችን ጐን ለጐን አስቀምጠው የትንሿን ልዩነት ምክንያት መረመሩ።

ለማስተማር የሚቀል አንድ ምሳሌ እነሆ። ልጆችን በድህነት ምክንያት መግደል በሁለት ቦታ ተከልክሏል፤ በአል-አንዓም (6፡151)ና በአል-ኢስራእ (17፡31)። በመጀመሪያው አላህ ሲሳይ የሚሰጠው «ለእናንተ» ተብሎ ወላጆች ይቀድማሉ፤ ልጆች ይከተላሉ። በሁለተኛው ልጆች ቀድመው ወላጆች ተከትለዋል። ቸኩሎ የሚያነብ ሰው ይህን ተራ ድግግሞሽ ይለዋል። ነገር ግን የመጀመሪያው አያ «ከድህነት የተነሣ» ይላል፤ ድህነቱ ቤት ገብቷል፣ ወላጁ የዛሬ እንጀራው አስጨንቆታል። ስለዚህ የራሱ ሲሳይ ዋስትና ቀደመለት። ሁለተኛው አያ «ድህነትን በመፍራት» ይላል፤ ድህነቱ ገና አልመጣም፣ ወላጁ የሚፈራው ልጁ ሲመጣ የሚከተለውን ወጪ ነው። ስለዚህ የልጁ ሲሳይ ዋስትና ቀደመ። የሁለት ተውላጠ ስሞች ቅደም ተከተል የሁለት ዓይነት አባቶችን ልብ ለየ።

5. ኢልቲፋትና የሰዋስው ጥያቄዎች

ኖልደከ ጕድለት ያለውን የተውላጠ ስም ለውጥ የበላጋ ሊቃውንት «ኢልቲፋት» ብለው ስም ሰጥተውታል፤ ፊትን ማዞር ማለት ነው። አዝ-ዘመኽሸሪ (538 ዓ.ሂ./1144) በ«አል-ከሽሻፍ» እንደገለጹት ንግግር ከአንድ መደብ ወደ ሌላ ሲዞር የሰሚን ልብ ያነቃል፤ ከዚህም ሌላ በየቦታው የራሱ ጥቅም አለው። በየሶላቱ የምንቀራው አል-ፋቲሓ ምስክር ናት። ባሪያው ጌታውን በሩቅ መደብ እያመሰገነ ይጀምራል። የዓለማት ጌታ፣ አዛኝ፣ የፍርዱ ቀን ባለቤት መሆኑን ሲዘረዝር ዕውቀቱ ይጠነክራል፤ በዚህ ጊዜ ሩቅ የነበረው ቅርብ ይሆንለትና «አንተን» ብሎ ያናግረዋል።

በዩኑስ (10፡22-23) ያለው ምሳሌ ይበልጥ ያስደንቃል። አያዋ በየብስና በባሕር የሚያስኬዳችሁ እርሱ ነው እያለች ሰዎችን ታነጋግራለች፤ በመርከቦች ላይ «በሆናችሁ» ጊዜ እስከሚለው ድረስ ሁለተኛ መደብ ናት። መርከቦቹ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ግን «በእነርሱ» ይዘው ተንሳፈፉ ትላለች። በመልካሙ ነፋስ የተደሰቱት፣ ማዕበል የከበባቸው፣ ሃይማኖትን አጥርተው የለመኑት፣ ከዳኑም በኋላ በምድር ላይ ወሰን ያለፉት ሁሉ በሦስተኛ መደብ ተነገሩ። አዝ-ዘመኽሸሪ ይህ የሆነው የሰዎቹን ነገር ለሌሎች ነግሮ እንዲደነቁበትና እንዲያወግዙት ለማድረግ ነው ይላሉ። በተጨማሪም መርከቧ ከዳርቻ ስትርቅ ተሳፋሪዎቹ ከተናጋሪው ፊት ይርቃሉ፤ ተውላጠ ስሙም አብሮ ይርቃል። ሲድኑና ሲያምፁ ግን «እናንተ ሰዎች ሆይ» ተብለው በድንገት ወደ ፊት ይጠራሉ። አድማጩ እስካሁን የሌላ ሰው ታሪክ እየሰማ መስሎት ነበር፤ አሁን ጣቱ ወደ ራሱ ዞረ። ይህን ለውጥ አስተካክሎ አያዋን በአንድ መደብ የጻፈ ሰው ሰዋስውን ጠብቆ መልእክቱን ባጠፋ ነበር።

በለንደን ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ግብፃዊው ሊቅ ሙሐመድ ዐብደል ሐሊም በ1992 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን የኖልደከ ትችት በቀጥታ መርምረዋል። የኢልቲፋትን ዓይነቶች በመደብ፣ በቍጥር፣ በተነጋጋሪ፣ በግሥ ጊዜ፣ በሙያ ምልክትና በተውላጠ ስም ፈንታ ስምን በመጥራት ለይተው አቀረቡ። ጽሑፉ የወጣው ሙስተሽሪቆች ራሳቸው በሚያነቡት የጥናት መጽሔት መሆኑ ሊታወስ ይገባል። መልስ ተቺው በሚሰማበት ሸንጎና በሚረዳው ሥነ ሥርዓት ሲቀርብ ፍሬ አለው።

«የሰዋስው ስሕተት» ተብለው የሚጠቀሱት አያዎች ጥቂት ናቸው። ከእነርሱም ዋነኞቹ አን-ኒሳእ 4፡162ና አል-ማኢዳህ 5፡69 ናቸው። ሁለቱንም የዐረብኛ ሰዋስው አባት የሚባሉት ሲበወይህ (180 ዓ.ሂ./796 ገደማ) በ«አል-ኪታብ» ተመልክተዋቸዋል። የመጀመሪያውን ለውዳሴ ተለይቶ በነስብ የተነገረ ብለው ከዐረቦች ግጥም አምሳያ ሰጡት፤ ሁለተኛውን በማስቀደምና በማዘግየት ፈቱት። ሰዋስው ከዐረቦች አነጋገር የተቀዳ እንጂ በዐረቦች አነጋገር ላይ ዳኛ ሆኖ የተሾመ አይደለም። የቁረይሽ ጠላቶች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ገጣሚ፣ ጠንቋይና ዕብድ ብለዋል፤ «ዐረብኛህ ተሳስቷል» ማለት ቢቻል ኖሮ ከሁሉ የቀለለው ክስ ይኸው በሆነ ነበር።

6. የጃሂሊያ ግጥምና የመለኪያው ጥያቄ

የማርጎሊዩዝ አሳብ ላይ ላዩን የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ክርክር ብቻ ይመስላል። ወደ ኢዕጃዝ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው፦ ዐረቦች በንግግር ጥበብ የላቁ መሆናቸውን የምናውቀው በግጥማቸው ነው። ግጥሙ ሐሰት ከሆነ «የቋንቋው ጌቶች አቃታቸው» የሚለው ማስረጃ ምስክር ያጣል። ጧሃ ሑሰይን በ1926 ተመሳሳይ አሳብ በግብፅ ሲያሳትም የተነሣው ቁጣም ከዚህ የመነጨ ነበር።

ቁጣው ብዙ ጽሑፍ ቢወልድም ጊዜን የተሻገረው ምላሽ የጥናት ምላሽ ነው። ናሲሩዲን አል-አሰድ በ1956 የጃሂሊያን ግጥም ምንጮች፣ የጽሕፈትንና የቃል ቅብብሉን ሁኔታ የመረመረ መጽሐፍ አወጡ። ከእንግሊዝ ሊቃውንትም አርተር አርበሪ በ1957 ስለ ሙዐለቃት ባሳተመው መጽሐፍ የማርጎሊዩዝን አከራከር ነቀፈ። ከግጥሙ የተፈጠረ እንዳለ የቀደምት ሙስሊም ሐያስያን ራሳቸው ያውቁ ነበር፤ ኢብን ሰላም አል-ጁመሒ (በሦስተኛው ምዕተ ዓመተ ሂጅራ) ይህን በግልጽ ጽፈዋል። ጥቂቱ ተፈጠረ ማለት ግን ሁሉ ተፈጠረ ማለት አይደለም። ሐሰተኛ ገንዘብ መኖሩ እውነተኛ ገንዘብ መኖሩን ያመለክታል።

በዚህ ርእስ እጅግ የጠለቀው ሰው ማሕሙድ ሙሐመድ ሻኪር (1909-1997) ነው። በወጣትነቱ የጧሃ ሑሰይን ተማሪ ሳለ በዚሁ ክርክር ምክንያት ዩኒቨርሲቲውን ትቶ ወጣ፤ ዕድሜውንም ለጥንታዊው ግጥም ሰጠ። የአልጄሪያዊው ማሊክ ቢን ነቢ «የቁርኣን ክሥተት» በ1958 በዐረብኛ ሲታተም በጻፈው መግቢያ አንድ ወሳኝ ነጥብ አስቀመጠ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመካ ሲያነቡ ገና ጥቂት አያዎች ብቻ ነበሩ የወረዱት፤ ሰሚዎችም በዚያው በጥቂቱ እውነተኛነቱን እንዲያውቁ ተጠየቁ። እንግዲያው ያቃታቸው ነገር በትንሹም በብዙውም ያለ ነገር ነው፤ እርሱም በያኑና ነዝሙ ነው። የሩቅ ወሬ፣ የሕግ ጥበብ፣ የፍጥረት ምሥጢር ቁርኣን ከአላህ መሆኑን ሊያስረዱ ይችላሉ፤ ዐረቦች የተገጠሙበት ተሐዲ ግን በእነዚህ አልነበረም።

7. ጣዕም ወይስ ማስረጃ?

አራተኛው ትችት ከሁሉ ይከብዳል። ለዚህ የተሰጠው መልስ ሁለት ክንፍ አለው። አንደኛው የአል-ጁርጃኒ ነው፦ ውበት በጣዕም ይታወቃል፤ ነገር ግን ጣዕም ምክንያቱን ሲናገር ለክርክር ይቀርባል። ከላይ ያየናቸው አያዎች «ለእኔ ያምረኛል» በሚል አልተነበቡም፤ የቃሉ ቦታ፣ የግሡ ዓይነትና የቅደም ተከተሉ ምክንያት ተነግሯል። ተቺውም በዚያው መንገድ ሊከራከር ይችላል። አል-ባቂላኒም የኢምሩኡል ቀይስን ታላቅ ግጥም በየቤቱ ፈትነው ከፍ ዝቅ የሚልበትን ያሳዩት ክርክሩ ከስሜት ወደ ጽሑፍ እንዲወርድ ነው።

ሁለተኛው ክንፍ የታሪክ ነው። አል-ጃሒዝ (255 ዓ.ሂ./869)፣ በኋላም ቃዲ ዐብዱል ጀባር (415 ዓ.ሂ./1025) እንዳስረዱት የቁረይሽ ሰዎች ነፍሳቸውንና ገንዘባቸውን በጦርነት አወጡ፤ አንድ አጭር ሱራ አምጥቶ መርታት ከዚያ ሁሉ የቀለለ ነበር። «አምጥተው ይሆናል፣ ግን ተደብቆ ቀረ» ለሚል ሰው መልሱ የነቢዩ ጠላቶች ስድብና የሙሰይሊማ ንግግር እንኳ ተላልፎ መድረሱ ነው። የማይደገም ገጣሚም በየሕዝቡ አለ፤ ነገር ግን ሥራውን የነቢይነት ምልክት አድርጎ፣ ጠላቶቹን በገዛ ቋንቋቸው ገጥሞ፣ ጠላቶቹም ቃሉን ትተው ሰይፍ የመዘዙለት ገጣሚ አልታየም። ማስረጃው ጽሑፉ፣ ተሐዲውና ታሪኩ ሲደመሩ የሚቆም ነው። አንዱን ነጥሎ ሁሉን እንዲሸከም ማድረግ ሕንጻውን በአንድ ምሰሶ ማቆም ይሆናል።

8. ሊጠነቀቁላቸው የሚገቡ መልሶች

ከሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ወዲህ በቍጥርና በሳይንስ የሚቀርቡ የኢዕጃዝ መጻሕፍት በዝተዋል። ራሻድ ኸሊፋ በዐሥራ ዘጠኝ ቍጥር ላይ ያቆመው ስሌት በብዙ ሀገር ሰባኪዎች ዘንድ ተስፋፍቶ ነበር። ፍጻሜው ግን ከአት-ተውባህ መጨረሻ ሁለት አያዎች (9፡128-129) ከስሌቱ ጋር ባለመስማማታቸው ከቁርኣን አይደሉም ማለት ሆነ። ስሌቱ የቁርኣን አገልጋይ ሆኖ ገብቶ የቁርኣን ዳኛ ሆነ።

የሳይንሱም መንገድ ጥንቃቄ ይሻል። አሽ-ሻጢቢ (790 ዓ.ሂ./1388) በ«አል-ሙዋፈቃት» የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎች ያልተረዱትን ዕውቀት በአያዎች ላይ መጫንን ነቅፈዋል። ግብፃዊቷ ሊቅ ዓኢሻ ዐብዱረሕማን (ቢንቱሽ ሻጢእ)ም በሃያኛው ምዕተ ዓመት ተመሳሳይ ክርክር አካሂዳለች። የሳይንስ አሳብ ይሻሻላል፤ የዛሬው ግምት ነገ ሲነሣ አያው አብሮ እንደ ተነሣ የሚያስብ ወጣት ይኖራል። ቁርኣን ፍጥረትን እንድንመለከት ማዘዙ አንድ ነገር ነው፤ የየዘመኑን መላምት ማኅተም እንዲሆን ማድረግ ሌላ ነው።

9. ዐረብኛ የማያውቀው አማኝና የመምህሩ ኀላፊነት

በዚህ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ አማርኛ ተናጋሪው አማኝ ይህን ኢዕጃዝ እንዴት ያውቃል? አል-ባቂላኒ ለዚህ ግልጽ መልስ አላቸው። በዐረብኛ የተካነው ሰው በቀጥታ ያውቀዋል፤ ዐረብ ያልሆነው ግን በኢስቲድላል፣ የቋንቋው ጌቶች ማቃታቸውን በማወቅ ይደርስበታል። ሁለተኛው መንገድ የተናቀ አይደለም፤ በሚያምነው የሐኪም ምስክርነት ደዌውን እንደሚያውቅ በሽተኛ ነው።

ሆኖም መምህሩ በሁለተኛው መንገድ ላይ መቆም አይገባውም። በ1961 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቈጣጠር) የታተመው የአማርኛ የቁርኣን ትርጉም መልእክቱን ለብዙዎች አድርሷል፤ ነገር ግን ማንኛውም ትርጉም የነዝምን ድርና ማግ ሙሉ ለሙሉ አያሻግርም። በመርከቡ አያ የተውላጠ ስሙን መዞር በአማርኛ ብቻ ያነበበ ወጣት የማተሚያ ስሕተት ቢመስለው አይፈረድበትም። ነሕውና ሰርፍን ለዓመታት የሚያቀሩ ሸኾቻችን ይህን ክፍተት የሚሞላ መሣሪያ በእጃቸው አለ። የሚቀረው መሣሪያውን ወደ አያው ማቅረብ፣ ደረሳው ኢዕራብ ከመለየት አልፎ «ቃሉ ለምን እዚህ ቆመ?» ብሎ እንዲጠይቅ ማሠልጠን ነው።

በተግባርም አራት ነገሮች ይረዳሉ። ጥያቄ ሲመጣ አስቀድሞ ዓይነቱን መለየት፤ የአወቃቀር ነው፣ የቋንቋ፣ የታሪክ ወይስ የጣዕም? ተቺው ያየውን በትክክል መልሶ መናገር፤ ያላለውን እንዳለ አድርጎ መመለስ ጠያቂውን ያርቃልና። አያውን ከፊቱና ከኋላው ካሉት ጋር ከፍቶ በጋራ ማንበብ። በመጨረሻም የማያውቁትን «ወላሁ አዕለም» ብሎ ለማጣራት መቅጠር፤ ይህ የዑለማእ ልማድ እንጂ የሽንፈት ምልክት አይደለም።

ቁርኣን ሰዎች እንዲያስተነትኑት ጠይቋል (4፡82)፤ ተደቡር የታዘዘው ከመጽሐፉ ጋር ነው። ትችቱ አማኙን ወደ አያው ከመለሰው፣ ነቃፊው ሳያስበው የተደቡር በር ከፍቷል ማለት ነው። በበሩ የሚያስገባ መምህር ግን ያስፈልጋል።

ወላሁ አዕለም፤ ወሰለላሁ ዐላ ነቢዪና ሙሐመድ።